ሚዛንና ሜዳ፤ እንጀራ ቀንሶ ወደ ስፖርት ስለ መመለስ

በተማሪዎች መኖሪያ አካባቢ ስለ ውፍረት የሚደረገው ክርክር ከፈተና ወሬ ቀጥሎ ሁለተኛውን ስፍራ ይዞአል ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ሁለት ሦስት ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጦ ያነበበ፥ ማታ ማታ በሻይና በዳቦ እንቅልፉን ሲያባርር የከረመ ሰው ቀበቶው መጀመሪያ አንድ ቀዳዳ፥ ከዚያም ሁለት ቀዳዳ ይሸሽበታል። በመጨረሻ አንድ ሰኞ ተነሥቶ፥ «ከዛሬ ጀምሮ እንጀራ፥ ዳቦና ስኳር አልነካም፤ ጧት ጧትም እሮጣለሁ» ብሎ ያውጃል። ከአዋጁ በኋላ የሚሆነውን አብዛኞቻችን አይተነዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ ሁለት ኪሎ፥ አንዳንዴም ሦስት ኪሎ ቀንሶ ሲያሳየው ሰውዬው ደስታውን አይችለውም። በዚያው ሳምንት ግን ሜዳ ወጥቶ አንድ ዙር ሳይጨርስ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ራሱም ይዞርበታል። በሦስተኛው ሳምንት ሚዛኑ መውረዱን ያቆማል፤ ሩጫው ይቀራል፤ እንጀራውም ከነወለዱ ይመለሳል።

ይህ ነገር በብዙ ሰው ላይ በአንድ ዓይነት መንገድ የሚደጋገመው ምክንያት ስላለው ነው። ምክንያቱን የማያውቅ ግን ጥፋቱን በራሱ ላይ ያላክካል፤ «እኔ ሐሳበ ደካማ ነኝ፤ ሰውነቴም ለስፖርት አልተፈጠረም» ይላል። በሃያ ዓመቱ እንዲህ ያለውን ፍርድ በራሱ ላይ የፈረደ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከሜዳ ሊርቅ ይችላልና ጉዳዩን እንደ ቀላል አናየውም። እኛ እንደምናምነው በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንቶች ሚዛኑም ሜዳውም እውነቱን አይናገሩም። ሚዛኑ ከሚገባው በላይ ያሞግሳል፤ ሜዳው ከሚገባው በላይ ያማል። የሁለቱም ውሸት ምንጩ አንድ ነው። እርሱን ለማስረዳት ከታሪኩ እንጀምር፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ካርቦሃይድሬት የሚባለውን የምግብ ክፍል፥ ማለት ከጤፍ፥ ከስንዴ፥ ከሩዝ፥ ከድንችና ከስኳር የምናገኘውን፥ በመቀነስ መክሳት የዛሬ ፋሽን አይደለም። በ1862 በሎንዶን ከተማ ዊልያም ባንቲንግ የሚባል የ66 ዓመት ሽማግሌ ነበር። የኖረበት ሥራ የሬሳ ሣጥን ማዘጋጀትና ቀብር ማስፈጸም ሲሆን፥ ቤተሰቡም የእንግሊዝን ነገሥታት ቀብር እስከ ማስፈጸም የደረሰ ነበር። ቁመቱ 1 ሜትር ከ65፥ ክብደቱ 92 ኪሎ ያህል ሆኖ ጐንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ማሰር አይችልም፤ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ እንዳይታመምበትም ደረጃ የሚወርደው ወደ ኋላ እየተራመደ ነበር።

ባንቲንግ አስቀድሞ የሞከረው ስፖርትን ነው። ሐኪም መክሮት በማለዳ ሁለት ሰዓት ያህል ጀልባ ይቀዝፍ ነበር። ክንዱ ጠነከረ፤ ነገር ግን የምግብ ፍላጎቱ እጅግ ስለ ጨመረ ክብደቱም አብሮ ጨመረ፤ ኋላም ያው መካሪው «ተወው» አለው። ቆይቶ ጆሮው አልሰማ ስላለው ዊልያም ሃርቪ ወደሚባል የጆሮ ሐኪም ሄደ። ሃርቪ ታላቁ ፈረንሳዊ ሊቅ ክሎድ ቤርናር በፓሪስ ስለ ጉበትና ስለ ስኳር በሽታ የሰጠውን ትምህርት የተከታተለ ሰው ነበርና፥ ዳቦን፥ ቅቤን፥ ወተትን፥ ስኳርን፥ ቢራንና ድንችን አቁም ብሎ አዘዘው። ከአንድ ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ባንቲንግ 21 ኪሎ ያህል ቀነሰ። በ1863 የደረሰበትን ጽፎ አሳትሞ በነጻ አደለ፤ ዝናውም ከመስፋቱ የተነሣ በስዊድን ቋንቋ ለመክሳት ብሎ ምግብ መቀነስ እስከ ዛሬ ድረስ ከስሙ በተወሰደ ቃል «ባንታ» ይባላል። ራሱም በ81 ዓመቱ በ1878 ሞተ። የሬሳ ሣጥን ነጋዴ ሰውን ከውፍረት አድን ብሎ በነጻ መምከሩ ከንግዱ ጋራ እንደማይስማማ ልብ ይሏል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያየው የዳቦውን መቅረት ብቻ ነው። እኛን የሳበን ግን ጀልባው ነው። ቀዘፋው ለሰውዬው ጉልበት ሰጠው እንጂ አላከሳውም፤ ምግቡ አከሳው እንጂ ጉልበቱን እናውቅለት ዘንድ ሜዳ አላወጣውም። ሁለቱን በአንድ ሰኞ የሚጀምር የዛሬ ተማሪ ባንቲንግ ያልገጠመውን ነገር ይገጥመዋል።

ያው ክሎድ ቤርናር በ1857 ከጉበት ውስጥ አንድ ነገር ለይቶ አወጣ፤ ግላይኮጅን ይባላል። ሰውነታችን ከእንጀራው ያገኘውን ስኳር ሁሉ ወዲያው አያቃጥለውም፤ ከፊሉን በግላይኮጅን መልክ እንደ ስንቅ ያስቀምጠዋል። በጉበት ውስጥ 100 ግራም፥ በጡንቻዎች ውስጥ ደግሞ 400 ግራም ያህል ይገኛል። ይህ ስንቅ እንደ በሶ ደረቅ ሆኖ አይቀመጥም፤ እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሀ ይዞ ይቀመጣል። እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ፤ 500 ግራም ስንቅ ከ1,500 ግራም ውሀ ጋራ ሁለት ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ካርቦሃይድሬት ያቆመ ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ ከዚህ ስንቅ ብዙውን ይጨርሳል፤ ውሀውም በሽንት ይወጣል። በዚህ ላይ ደግሞ በደም ውስጥ ያለው የኢንሱሊን መጠን ሲቀንስ ኩላሊት ጨው ማስወጣት ይጀምራል፤ ጨው ሲወጣ ውሀ ይከተለዋል። የመጀመሪያው ሳምንት ደስታ ከዚህ የመጣ ነው። ስብ ምንም አልቀነሰም ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ፥ በቀን 500 ካሎሪ ያጐደለ ሰው በሳምንት የሚያቃጥለው ስብ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። የቀረው ውሀ ነው። እንዲሁም አንድ ቅዳሜ ሰርግ ሄዶ እንደ ልቡ የበላ ሰው እሑድ ጧት ሁለት ኪሎ ጨምሮ ቢገኝ፥ የተመለሰው ስንቁና ውሀው ስለ ሆነ ዓለም ጠፋችብኝ ማለት አይገባውም።

እንግዲህ ወደ ሜዳው እንሂድ። ከላይ ያየነው ስንቅ የሯጭም ነዳጅ ነው። በ1967 በስቶክሆልም ቤርግስትረምና ባልደረቦቹ ከሰው ጭን በመርፌ ጥቂት ጡንቻ እየወሰዱ ግላይኮጅኑን ለኩ፤ ከዚያም ሰዎቹን ሳይክል ላይ አውጥተው እስኪደክሙ ድረስ በርትተው እንዲነዱ አደረጉ። የተደባለቀ ምግብ በልተው በአማካይ 114 ደቂቃ ነዱ። ለጥቂት ቀናት ካርቦሃይድሬት ሲከለከሉ ግን የቻሉት 57 ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ካርቦሃይድሬት ሲበዛላቸው ደግሞ 167 ደቂቃ ደረሱ። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ ጠባያቸውም ወኔያቸውም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ስንቁ ነው። አስቀድሞም በ1939 በኮፐንሃገን ክሪስቴንሰንና ሃንሰን የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት ተመሳሳይ ነገር አይተው ነበር፤ በስብ ምግብ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል፥ በካርቦሃይድሬት ምግብ አራት ሰዓት ያህል። ሰኞ ዕለት ስንቁን ባዶ አድርጎ ሐሙስ ዕለት ሜዳ ላይ የወደቀ ወንድማችን እንግዲህ «ሐሳበ ደካማ ነኝ» የሚልበት ምክንያት የለውም።

አንድ ሌላም ነገር አለ። ከአንድ ሊትር ኦክሲጅን ስኳር በማቃጠል የሚገኘው ኃይል ስብ በማቃጠል ከሚገኘው ከመቶ 7 ያህል ይበልጣል። ይህ ልዩነት በባሕር ዳርቻ ለሚሮጥ ሰው ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነች፥ በየትንፋሹ የምናገኘው ኦክሲጅን ከባሕር ዳር ሰው ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ የሽሮ ሜዳን ዳገት ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው፥ ያውም ከቆላ አገር የመጣ አዲስ ተማሪ ከሆነ፥ ለእያንዳንዱ እርምጃ ተጨማሪ ኦክሲጅን የሚጠይቀውን ነዳጅ ይዞ መውጣቱ እንዴት እንደሚከብደው መገመት አያዳግትም። ከመቀመጫ ሲነሡ የሚመጣው ማዞር ደግሞ በአብዛኛው የጨውና የውሀው መውጣት ነው።

ሰውነት ግን ይለምዳል። በ1983 ፊኒ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም አምስት የሠለጠኑ ሳይክል ነጂዎችን ካርቦሃይድሬት ፈጽሞ በሌለበት ለማለት በሚያስደፍር ምግብ ለአራት ሳምንት አቆያቸው። በመካከለኛ ፍጥነት የሚነዱበት ጊዜ ከ147 ደቂቃ ወደ 151 ደቂቃ ሆነ፤ ማለት አልቀነሰም፤ ጡንቻቸው ስብ ማቃጠልን ተምሮአል። ፍጥነት በሚያስፈልግበት ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2017 በአውስትራልያ ልዊዝ በርክና ባልደረቦችዋ ታላላቅ የርምጃ ተወዳዳሪዎችን ለሦስት ሳምንት ከሥልጠና ጋራ ሲከታተሉ፥ ስብ በዛ ያለበትን ምግብ የያዙት ስብ በማቃጠል እጅግ ቢሻሻሉም ለተመሳሳይ ፍጥነት ብዙ ኦክሲጅን አስፈለጋቸው፤ በ10 ኪሎ ሜትር ውድድርም ሌሎቹ ሲሻሻሉ እነርሱ አልተሻሻሉም። የእኛንም አገር ሯጮች ብንጠይቅ መልሱ ያው ነው። በ2011 በታተመ ጥናት አሥር የታወቁ የኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሯጮች ለሰባት ቀን የበሉት ሲመዘን፥ ከኃይላቸው ከመቶ 64 ያህሉ ከካርቦሃይድሬት የተገኘ ነበር። ስለዚህ እንጀራ መቀነስ ለሚወፍር ሰው ክብደት ማውረጃ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ሻምፒዮን ማድረጊያ ነው የሚለንን ሰው ግን አንቀበለውም።

ወደ ስፖርት መመለስ ስለሚባለው ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የዳላስ ታሪክ ነው። በ1966 በአሜሪካ በዳላስ ከተማ አምስት የ20 ዓመት ወጣቶች፥ ተማሪዎች ናቸው፥ ለ20 ቀን ከአልጋ ሳይወርዱ እንዲተኙ ተደረገ። ሲነሡ ሰውነታቸው ኦክሲጅን የመጠቀም ችሎታው ከሩብ በላይ ወድቆ ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ የሁለት ወር ሥልጠና መልሶ አነሣው። የሚያስደንቀው ከ30 ዓመት በኋላ፥ በ1996 የሆነው ነው። እነዚያው አምስቱ ሰዎች 50 ዓመት ሞልቶአቸው፥ ወፍረውም፥ እንደ ገና ተመረመሩ። ሠላሳ ዓመት ኖረው ያጡት ችሎታ በሃያ ቀን መኝታ ካጡት ያነሰ ሆኖ ተገኘ! ስድስት ወር ያህል ቀስ እያሉ ከሠለጠኑ በኋላም ችሎታቸው በ20 ዓመታቸው፥ ከመተኛታቸው በፊት ወደ ነበረበት ተመለሰ። ክብደታቸው ግን የወረደው ጥቂት ብቻ ነበር። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አንፈልግም። ትንፋሽና ጉልበት የሚመለሱት በሜዳ ነው፤ ክብደት በአብዛኛው የሚወርደው በማዕድ ነው። አንዱን በሌላው ሚዛን የሚመዝን ሰው ሁልጊዜ እንደ ተከሰሰ ይኖራል።

ካርቦሃይድሬት መቀነስ ከሌላው ዘዴ ይበልጣልን? በዚህ ነገር ብዙ ጩኸት አለ። በ2018 የስታንፎርድ ዩኒቨርስቲ ተመራማሪዎች 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው፥ አንዱን ወገን ስብ እንዲቀንስ፥ ሌላውን ካርቦሃይድሬት እንዲቀንስ አድርገው ለ12 ወር ተከታተሉ። ስብ የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፥ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6.0 ኪሎ ከሱ፤ ልዩነቱ ቁም ነገር የሚባል አልነበረም። በሁለቱም ወገን ከ20 ኪሎ በላይ የቀነሱ ነበሩ፤ ጭራሽ የጨመሩም ነበሩ። ለሁለቱም ወገን አስቀድሞ የተነገራቸው ስኳርንና ነጭ ዱቄትን ተዉ፥ አትክልት አብዙ የሚል ነበር። እንግዲህ ጥያቄው የትኛው ምግብ ይሻላል ሳይሆን የትኛውን ሳትሰለቹ ዓመት ትይዙታላችሁ ነው።

እኛ ደግሞ የምንበላው የተሰጠንን ነው። ከውጭ አገር የሚመጡት መጻሕፍት ጧት እንቁላል፥ ቀን ሥጋ፥ ማታ ዓሣ ይላሉ፤ የተማሪን ምግብ ቤትና የተማሪን ኪስ አላዩም። በእኛ ማዕድ ላይ ያለው እንጀራ፥ ሽሮ፥ ምስር፥ ዳቦ፥ ሩዝና ፓስታ ነው። ከ100 ግራም የጤፍ ዱቄት 70 ግራም የሚበልጠው ካርቦሃይድሬት ነው። ሽሮና ምስርም ካርቦሃይድሬት አላቸው፤ ሆኖም ከ100 ግራም ደረቅ እህላቸው 20 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ፕሮቲን ስለሚገኝና ሆድን ስለሚይዙ፥ ከዳቦና ከፓስታ ጋራ አንድ አድርጎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ስለዚህ በእኛ አገር ያለ መጽሐፍ የሚሆነው ይህ ነው፤ ወጡን አብዝቶ እንጀራውን በግማሽ መቀነስ፥ ጎመን በተገኘ ጊዜ ሁሉ መጨመር፥ ከዳቦና ከፓስታ አንዱን መተው፥ አቅም ሲገኝ አንድ ሁለት እንቁላል። ከሁሉ በፊት ግን ስኳሩን እንመልከት። በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሦስት ማንኪያ የሚጨምር ሰው 12 ግራም ያህል ስኳር ጠጣ ማለት ነው፤ ማታ ሲያጠና አምስት ብርጭቆ ከጠጣ 60 ግራም ሆነ። በዚያ ላይ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ሲጨመር ሌላ 30 ግራም የሚያልፍ አለ። ይህን ሁሉ እንዳለ አድርጎ ከእንጀራ ጋራ ጠብ የሚጀምረውን ሰው እኛ አንረዳውም። የጉርሻው ነገር ሌላ ችግር ነው፤ ወዳጅ ያጐረሰውን መመለስ ነውር ስለ ሆነ፥ አስቀድሞ ለጓደኞች መንገር ይሻላል።

ጾመኞች ለሆኑት እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ ሥጋ፥ ወተትና እንቁላል የሌለበት ነውና፥ መጽሐፉ እንዳለው ካርቦሃይድሬትን ፈጽሞ ማጥፋት አይቻላቸውም፤ መቀነሱ ግን ይቻላል። በረመዳንም ሆነ በሌላ ጾም ቀን ውሀ የማይጠጣ ሰው ይህን ነገር በእነዚያ ቀናት አይጀምር፤ የሚወጣውን ውሀና ጨው ቀን ለቀን ሊተካው አይችልምና።

አሁን አንድ ሰው እሺ ብሎ ሊጀምር ቢነሣ እኛ የምንመክረው ሁለቱን በአንድ ሰኞ እንዳያውጅ ነው። ምግቡን ከቀነሰ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንቶች በእግር መሄድ ብቻ ይበቃዋል፤ እየሄደ ከጓደኛው ጋራ መነጋገር እስኪችል ድረስ ብቻ ይፍጠን። ውሀ ይጠጣ፤ የደም ግፊት የሌለበት ከሆነ ጨውንም በዚያው ጊዜ አይቀንስ፤ አንድ ሳሕን መረቅ ማዞሩን ሲያስታግስ ይታያል። በሦስተኛው ሳምንት ጥቂት ደቂቃ መሮጥ፥ ጥቂት ደቂቃ መራመድ፥ እንደ ገና መሮጥ። የተፈቀደችለትን እንጀራም ሜዳ ከሚወጣበት ሰዓት በፊት ወይም ከዚያ በኋላ ቢያደርጋት ይጠቀምባታል። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ መሬት ላይ ተደፍቶ በክንድ መነሣትና ቁጢጥ ብሎ መነሣት አይቅር፤ ምግብ ቀንሶ ጡንቻውን የማያሠራ ሰው ከስቡ ጋራ ጡንቻውንም ያጣል። ጅማት ከትንፋሽ ዘግይቶ እንደሚጠነክርም ይወቅ። ስድስት ወር ተቀምጦ በአንድ ቅዳሜ ከፋኩልቲ ጋራ የኳስ ግጥሚያ የሚገባ ተማሪ ክራንች ይዞ ለፈተና ሲመጣ አይተናል።

ይህን ዘዴ ጭራሽ መሞከር የማይገባቸውም አሉ። የስኳር በሽታ ኖሮባቸው ኢንሱሊን ወይም ኪኒን የሚወስዱ፥ የደም ግፊት መድኃኒት ያላቸው፥ ኩላሊታቸውን የሚታመሙ፥ ነፍሰ ጡሮች ያለ ሐኪም ምክር አይጀምሩት፤ መድኃኒቱ እንዳለ ሆኖ ምግቡ ብቻ ሲቀንስ ሰው ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። ምግብን በመጥላት የተፈተነች ወይም የተፈተነ ሰውም ከሚዛን ይራቅ። ደግሞም በመካከላችን ክብደት መቀነስ ሳይሆን መጨመር የሚያስፈልገው ተማሪ ብዙ መሆኑን አንርሳ፤ ጓደኛው ስለ ከሳ ብቻ አብሮ የሚከሳ አለና። ሲሮጥ ደረቱን የያዘው ወይም ራሱን የሳተ ሰው ነገ አይሩጥ፤ ወደ ክሊኒክ ይሂድ።

ስለ ሚዛን አንድ ነገር ቀርቶናል። በየመንገዱ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡትን ልጆች ሳንቲም አንከለክላቸውም፤ ነገር ግን ጠማማ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሚዛን ከነጫማችን የሚነግረንን ዕለት ዕለት መስማት አይጠቅምም። በሳምንት አንድ ቀን፥ በአንድ ሚዛን፥ ጧት ከቁርስ በፊት ይበቃል። ከዚያ ይልቅ አንድ ቁራጭ ሲባጎ ወስዶ ወገብን በእምብርት ትይዩ ለክቶ ቋጠሮ ማሰር፥ በወሩም መጨረሻ እንደ ገና ለክቶ ሌላ ቋጠሮ ማሰር የሚሻል ሆኖ ይታየናል፤ ሲባጎ ውሀውን ከስቡ ጋራ እንደ ሚዛን አይደባልቅምና። ለሜዳውም የራሱ መለኪያ ይኑረው፤ አንድ የታወቀ መንገድ፥ ለምሳሌ ጃን ሜዳን አንድ ጊዜ መዞር፥ ሳይቆሙ ስንት ደቂቃ ፈጀ ብሎ መጻፍ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንቶች ደቂቃ ግን ቢጻፍም አይቈጠር።